ባለ ገመድ ዲስክ ፍሬን ወይስ ባለ ዘይት? በትንሽ በጀት የካርቦን ሳይክል ለምትገጣጥመው ወንድሜ

ጥያቄው፦ “ሰላም። ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ የቻይና የካርቦን ፍሬም ይዞልኝ መጣ። ስም የለውም፤ ለዲስክ ፍሬን የተሠራ ነው። አሮጌውን የአልሙኒየም የውድድር ሳይክሌን ፈትቼ ዕቃውን ወደዚህ ላዛውር አስቤያለሁ። እጀታዎቹ ሺማኖ ቲያግራ 4600 ናቸው፤ ከኋላ 10 ማርሽ። በጀቴ ትንሽ ነው። ባለ ገመድ ዲስክ ፍሬን ልግዛ ወይስ ባለ ዘይት? ጓደኛዬ ‘ባለ ገመዱ አይረባም፣ ብርህን አታባክን’ አለኝ። ለሙከራ ከሰው የተዋስኩትን ጎማና ባለ ገመድ ካሊፐር ከኋላ ስገጥም ደግሞ ብሎኑ አጠረ። ሌላ ብሎን ፈልጌ ሳስረው ሸራው ዲስኩን ይነካል፣ ስይዘውም ይጮኻል። ችግሩ ፍሬሙ ይሆን? አዲስ አበባ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው።”

ሰላም ወንድሜ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥልህ። ባለ ገመዱን ግዛ። ግን ሁለቱም ሸራዎች ተንቀሳቅሰው ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚይዙበትን ዓይነት ምረጥ። የተረፈውን ብር ለጎማ፣ ለገመድ ሽፋንና ለሸራ አውለው። የኋላው መንካትና መጮህ ደግሞ ከፍሬኑ ዓይነት ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። እንደ ነገርከኝ ከሆነ ጣጣው ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) የሚያርፍበት ቦታ ላይና ብሎኑ ላይ ነው። ባለ ዘይት ብትገዛም ያው ችግር ተከትሎህ ይመጣል። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳህ። ረዘም ይላል፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ግን ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም በጀትህን የሚያናጋው እሱ ነው። የአሮጌው ሳይክልህ ጎማዎች ወደዚህ ፍሬም አይዛወሩም። እነሱ የተሠሩት ቸርኬውን ለሚጨብጥ ፍሬን ነው። ሃቡ (የጎማው መሐል) ላይ ዲስክ የሚታሰርበት ቦታ የለም። የኋላው ሃብ ስፋትም 130 ሚሊ ሜትር ነው። የአሁኑ ባለ ዲስክ ፍሬም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ 142 በ12፣ ከፊት 100 በ12 ሚሊ ሜትር የሆነ ስሩ አክስል (በሃቡ ውስጥ አልፎ ፍሬሙ ላይ የሚጠብቅ ወፍራም ዘንግ) ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ባለ ዲስክ ጎማ መግዛትህ የማይቀር ነው። ያገለገለ ለመግዛት ካሰብክም ይህን አስታውስ፦ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በመንገድ ውድድር ዲስክ ፍሬንን ለሁሉም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ የውድድር ዕቃ አብዛኛው ቸርኬ የሚጨብጥ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ሲቀርብልህ ሃቡን ሳታይ እጅህን ኪስህ ውስጥ አትክተት።

አክስሉ ከፍሬሙ ጋር አብሮ ካልመጣ ደግሞ “12 ሚሊ” የሚለውን ብቻ አይተህ አትዘዝ። ርዝመቱና የጥርሱ ልክም መግጠም አለባቸው። ጥርሱ 1.0፣ 1.5 ወይም 1.75 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ያልሆነውን በጉልበት ካዞርከው የፍሬሙን ጥርስ ትበላዋለህ። ስም በሌለው ፍሬም ላይ ጥርሱ ያለበትን ቁራጭ ለብቻው መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ሻጩን ጠይቀህ በጽሑፍ ያዘው።

ቀጥሎ የካሊፐሩን ማረፊያ ተመልከት። ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የታችኛውን ዘንግ በግራ በኩል እይ። ሁለት ብሎን ከታች ገብቶ ዘንጉን በስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ፍላት ማውንት ይባላል። የብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ጉብታዎች ብቻቸውን ቆመው ከታዩህ ደግሞ ፖስት ማውንት ነው። “ብሎኑ አጠረ” ስላልከኝ ያንተው ፍላት ማውንት እንደሆነ እገምታለሁ። ይህ ምርጫህን ያጠበዋል። ለምሳሌ አቪድ ቢቢ7 ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ባለ ገመድ ካሊፐር ነው፤ ግን ለፍላት ማውንት አልተሠራም። በማስማሚያ ቁራጭ ማስገባት ይሞከራል። ካሊፐሩ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ተረከዝህን ሊነካ ይችላል። አልመክርህም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ሐሳብ ልምጣ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጥሩ ባለ ዘይት ፍሬን በአንድ ጣት ያቆምሃል። ሸራው ሲያልቅ ራሱ ያስተካክላል። ዝናብ ሲጥል እጅህ አይደክምም። ገንዘቡና ዕቃው ባጠገብህ ቢኖር እኔም እሱን ነበር የምልህ። ያንተ ሁኔታ ግን ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ባለ ዘይት ማለት እጀታውንም መቀየር ማለት ነው። ያንተ 4600 በገመድ ብቻ ነው የሚሠራው። ለ10 ማርሽ የሚሆን ባለ ዘይት እጀታ ከቲያግራ ወገን 4720 አለ። ነገር ግን አዲሱ ቲያግራ የማርሽ ገመዱን የሚስብበት ልክ ካንተው ይለያል። 4720ን ከ4600 ማርሽ ቀያሪ ጋር ብታገናኘው ማርሹ አይስተካከልልህም። ስለዚህ የፊትና የኋላ ማርሽ ቀያሪውንም ትገዛለህ። ፍሬን ልግዛ ብለህ ወጥተህ ግማሽ ሳይክል ገዝተህ ትመለሳለህ።

ሁለተኛ፣ ዘይቱና መለዋወጫው። የሺማኖ ፍሬን ማዕድናዊ ዘይት ነው የሚጠቀመው። መኪና ጋራዥ ሄደህ የምታገኘው ዶት 4 ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም “የፍሬን ዘይት” ይባላሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። አንድ ወጣት እንዲህ ተሳስቶ አይቻለሁ። እጀታው ሲላላበት ሰፈር ያለ መካኒክ ዶት 4 ሞላለት። መጀመሪያ ሸጋ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ እጀታው ተጫነ እንጂ አልመለስ አለ። ውስጥ ያሉት የጎማ ማኅተሞች አብጠው ነበር። ካሊፐሩም እጀታውም ተጣሉ። ልጁ ያንን ብር ያጠራቀመው ለወራት ስለነበር እስካሁን ያንገበግበኛል። በዶት የሚሠሩ የስራም ፍሬኖችም አሉ። እነሱ ላይ ደግሞ ማዕድናዊ ዘይት ማስገባት ያው ጥፋት ነው። ዶት ከፈሰሰም የፍሬምህን ቀለም ይበላል።

ሦስተኛው ቀላል ነው። የገመድ ፍሬን ቅዳሜ ማታ ቢበጠስብህ እሑድ ጠዋት መርካቶ ወይም ሰፈርህ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ካቮ ታገኛለህ። በሁለት ብሩጎላ ትሠራዋለህ። ባለ ዘይቱ አየር ከገባበት መሙያ መርፌው፣ ማያያዣው፣ ዘይቱ ሁሉ በእጅህ መኖር አለበት።

ባለ ገመድ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ርካሾቹ አንድ ሸራ ብቻ ነው የሚገፉት። ሌላኛው ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። የሚንቀሳቀሰው ሸራ ዲስኩን አጉብጦ ከቆመው ጋር ያጣብቀዋል። ይሠራል፤ አይሠራም አልልም። ግን ማስተካከሉ አሰልቺ ነው፣ እጀታው ላይም ስፖንጅ የምትጨምቅ ይመስልሃል። ከሁለቱም በኩል የሚገፋው ዓይነት ይሻልሃል። ቲአርፒ ስፓየር ከዚህ ወገን በደንብ የታወቀው ነው፤ ለፍላት ማውንት የተሠራም አለው። የሚጠቀመው ሸራ በጣም ከተለመደው የሺማኖ ቅርጽ ጋር አንድ ነው፤ ይህ ላንተ ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ብርቅ ቅርጽ ያለው ሸራ እዳ ነው። ስትገዛ ስሙን ደጋግመህ አንብብ። ስፓየር ለመንገድ እጀታ ነው። ስፓይክ የሚባለው መንትያው ግን ብዙ ገመድ ለሚስብ የተራራ ሳይክል እጀታ የተሠራ ነው። ሁለቱ በምስል አይለዩም። ስፓይኩን ከቲያግራህ ጋር ብትገጥመው አያያዙ የማይሆን ይሆንብሃል። ሌላም ርካሽ ብራንድ ስትገዛ “ለመንገድ ነው ወይስ ለተራራ?” የሚለውን ሳትጠይቅ አትክፈል።

መሐል ላይ የቆመ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ገመዱ ካሊፐሩ ድረስ ይመጣል፤ ዘይቱ ያለው ካሊፐሩ ውስጥ ብቻ ነው። ቲአርፒ ሃይሮድ እንዲህ ነው። የድሮ እጀታህን ይዘህ የዘይትን ጉልበት በከፊል ታገኛለህ። አቅምህ ከፈቀደ መጥፎ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ። ገመዱን አጥብቀህ፣ ገመዱ የሚስበውን የካሊፐሩን ክንድ ከመነሻ ቦታው ትንሽ እንኳ ካነሳኸው ዘይቱ የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋል። ያኔ ሸራው ሲያልቅ ራሱን ማስተካከል ያቆማል። “ሃይሮዱ በድንገት ከዳኝ” የሚሉ ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ይህ ነው።

ምክሬን የሚቀይር አንድ ሁኔታ አለ። ፍሬምህ ገመዱን በመሪው ሥር፣ በፎርኩ አንገት መሸከሚያ ውስጥ አሳልፎ የሚደብቅ ዓይነት ከሆነ አስብበት። እንዲህ ያለ ፍሬም የተነደፈው ለዘይት ቱቦ ነው። ቱቦ ሲታጠፍ ግድ የለውም። ገመድ ግን በእያንዳንዱ ሹል መታጠፊያ ይፋተጋል፣ ጉልበትህ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ወይ የኋላውን ገመድ በውጭ አሳልፈህ ወደ ፍሬሙ የምታስገባበት መንገድ ፈልግ፣ ወይ ብር አጠራቅመህ ባለ ዘይቱን ጠብቅ። ገመዱ ከፍሬሙ ጎን ባለ ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ግን አትጨነቅ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን፤ የገመዱ ሽፋን። ተራው የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። እጀታውን ስትጨብጥ ሽፋኑ ራሱ ያጥራል። ከፊት ብዙም አይታወቅህም። ከኋላ ግን ሽፋኑ ፍሬሙን ሙሉ ስለሚያቋርጥ የጨበጥከው ግማሹ ሽፋኑን በመጭመቅ ያልቃል። ሰው “ባለ ገመድ አይረባም” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ተነስቶ ነው። ለፍሬን ተብሎ የሚሠራ የማይጨመቅ ሽፋን አለ። ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ ናቸው፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ጠንካራ ጥልፍ ይይዛቸዋል። ጃግዋየርና ዮኮዙና ይሠራሉ። እሱን ያስገባህ ዕለት ካሊፐር የቀየርክ ይመስልሃል።

ታዲያ አደራ፣ የማርሽ ገመድ ሽፋን በፍጹም ለፍሬን አትጠቀም። እሱም በቁመት የተደረደረ ሽቦ ስላለው የተሻለ ይመስላል። ጥልፍ ግን የለውም። አጥብቀህ ስትይዝ ሽቦዎቹ ተበትነው ሊወጡ ይችላሉ። ያ የሚሆነው ደግሞ ፍሬኑን በጣም በፈለግህበት ቅጽበት ነው።

ገመዱን በፍሬሙ ውስጥ ማሳለፍ የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው። እኔ ቀጭን የስፌት ክር ጫፍ ላይ ትንሽ የፌስታል ቁራጭ አስራለሁ። ክሩን በአንዱ ቀዳዳ አስገብቼ በሌላኛው ቀዳዳ የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም አሠራለሁ። ክሩ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ክሩን ይዘህ ጠንከር ያለውን ታስከትላለህ። ቫኪዩም ከሌለህ ማግኔትና ቀጭን ሽቦ ይሠራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ሽፋኑን ውስጥ ከመተውህ በፊት የስፖንጅ ቱቦ አልብሰው። አለበለዚያ ኮብልስቶን ላይ በወጣህ ቁጥር ባዶው ካርቦን ውስጥ ይንቋቋል። የሽፋኑን ጫፍ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ በሞረድ አስተካክል፣ የተዘጋውን ቀዳዳ በመርፌ ክፈት።

ስለ ዲስኩ መጠን። ከፊትም ከኋላም 160 ሚሊ ሜትር አድርግ፤ ፍሬምህ ከኋላ 140 ብቻ የሚል ከሆነ ብቻ ወደዚያ ውረድ። ምክንያቱን በሒሳብ ላሳይህ። አንተ 74 ኪሎ፣ ሳይክልህና የያዝከው 11 ኪሎ ይሁን፤ 85። ከእንጦጦ ወደ ከተማ 500 ሜትር ቁልቁል ብትወርድ 417 ኪሎ ጁል ገደማ ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ያ ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረውን ግን እነዚያ ሁለት ስስ ብረቶች ናቸው የሚሸከሙት። ትልቅ ዲስክ ቶሎ ይበርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች እየጎተትክ አትውረድ። ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነቱን ስበር፣ ከዚያ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። አንድ ቀን ዓባይ በረሃን በሳይክል ልወርድ ብለህ ካሰብክ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ይህ ልማድ ሕይወት ነው።

ሸራው ሁለት ዓይነት ነው። ሬዚኑ ጸጥተኛ ነው፣ ሲቀዘቅዝም ወዲያው ይይዛል፤ ግን በክረምት ጭቃ ቶሎ ያልቃል። ባለ ብረቱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሙቀት ይችላል፤ ይጮኻል። ላንተ በበጋ ሬዚን፣ ከሰኔ በኋላ ባለ ብረት ብትል ተስማሚ ነው። ዲስኩን ግን ገልብጠህ አንብበው። ብዙ ርካሽ ዲስክ ላይ “ለሬዚን ሸራ ብቻ” የሚል ተጽፏል። እሱ ላይ ባለ ብረት ሸራ ካስገባህ ዲስኩን ይበላዋል። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል።

እንግዲህ ወደ ኋላው ችግርህ እንግባ። ከብሎኑ እንጀምር። ፍላት ማውንት ላይ ብሎኑ በዘንጉ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ርዝመቱን የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት ነው፤ ፍሬሞች ደግሞ ይለያያሉ። ሺማኖ ለራሱ ካሊፐሮች የሚሰጠው ልክ እንዲህ ነው፦ ካሊፐሩን ሳታስቀምጥ ብሎኑን ከታች አስገባ። ከላይ 13 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ዘንጉ 20 ሚሊ ከሆነ ብሎኑ 33፣ 25 ከሆነ 38፣ 30 ከሆነ 43 ይሆናል ማለት ነው። የሌላ አምራች ካሊፐር ከሆነ መመሪያውን እይ። አጭር ብሎን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ የቆመ ሊመስል ይችላል፤ ስትይዘው ተነቅሎ ይወጣል። ረጅም ብሎን ደግሞ ካሊፐሩን ሳያጣብቅ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ይቆማል። ጠበቀ ብለህ ታስባለህ፣ ካሊፐሩ ግን ይንቀሳቀሳል። አንተ ያገኘኸው “ሌላ ብሎን” እንዲህ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የሚጠብቀው ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ቁልፍ (የምታጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለህ ተዋስ። ካርቦን ላይ “በእጄ አውቀዋለሁ” የሚባል ነገር የለም።

ብሎኑ ልክ ከሆነ በኋላም ከነካ ድምፁን ስማ። ጎማውን አዙር። በየዙሩ አንዴ ብቻ “ሽ… ሽ…” የሚል ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ሳያቋርጥ የሚነካ ከሆነ ካሊፐሩ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። ከዚያ በፊት ግን ጎማው እስከ መጨረሻ መግባቱንና አክስሉ መጥበቁን አረጋግጥ፤ ስንቱ ሰው በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ያጠፋል። የተጣመመ ዲስክ በንጹሕ ጨርቅ ይዘህ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ይቻላል። በባዶ እጅህ አትንካው፤ የጣት ቅባት ሸራውን ያበላሻል።

ካሊፐሩን ለማስተካከል ሁለቱን ብሎኖች አላላ። ከሁለት በኩል የሚገፋ ዓይነት ከሆነ የሸራ ማስተካከያዎቹን በብሩጎላ እኩል አስጠጋ። እጀታውን ጨብጠህ ያዝ። ብሎኖቹን እያፈራረቅህ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ። ከዚያ እጀታውን ልቀቅና ከካሊፐሩ ጀርባ ነጭ ወረቀት ይዘህ በስንጥቁ ተመልከት። በዲስኩ ግራና ቀኝ እኩል ብርሃን መታየት አለበት። አሁን ወሳኙ ነገር መጣ። መጨረሻ ላይ ስታጠብቀው ካሊፐሩ በራሱ ፈቀቅ ካለ ወይም ከዞረ ማረፊያው ጠፍጣፋ አይደለም። ርካሽ የካርቦን ፍሬም ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ቀለሙ ማረፊያው ላይ ተደራርቦ ይደርቃል፣ ወይም የትርፍ ሙጫ ጉብታ ይቀራል። የአንድ ጠብታ ቀለም ያህል ከፍታ ሸራውን ዲስኩ ላይ ለማስነካት ይበቃል። የጩኸቱም ምንጭ ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው፤ ሸራው ዘንበል ብሎ በጫፉ ብቻ ስለሚነካ ዲስኩን ያንቀጠቅጠዋል።

ትክክለኛው መድኃኒት ማረፊያውን የሚያስተካክል ልዩ መቁረጫ ነው። ውድ ስለሆነ ያለው ጠጋኝ ፈልግ። ከሌለ ጠፍጣፋ የብረት ቁራጭ ላይ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ለጥፍ። በውኃ እያራስህ ማረፊያውን ቀስ ብለህ እሸው። ከላይ በእርሳስ አስምርበት፤ እርሳሱ የጠፋበት ቦታ ጉብታው ነው። ማንሳት ያለብህ ቀለሙን ብቻ ነው። የካርቦኑ ጥልፍ መታየት ሲጀምር አቁም። ጭምብል አድርግ፣ የካርቦን ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። ጉብታው ከካርቦኑ ራሱ ከሆነ ወይም ማረፊያው በግልጽ የተጣመመ ከሆነ አትነካካው። ፎቶ አንስተህ ለሻጩ ላክና ይቀየርልኝ በል።

ማረፊያው ተስተካክሎም ከጮኸ ሸራውን ጠርጥር። የተዋስከው ዕቃ ነው። ካቴና ላይ ዘይት ሲረጭ ዲስኩ ላይ ነጥቦ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ። ጄል የሆነውን የእጅ ማጽጃ አይደለም፤ እሱ ግሊሰሪን ስላለው ይብስበታል። ዘይት የጠጣ ሬዚን ሸራ በምንም አይመለስም፤ በእሳት የሚያቃጥሉት አሉ፣ አንተ ግን ጣለው። የዲስኩን ማሰሪያም እይ። ሰፊው ቀለበት 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ከላላ ይንቋቋል፣ ይጮኻል። በነገራችን ላይ ለዘመድህ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አትዘዘው። የሚቀጣጠል ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ይወስዱበታል።

አዲስ ሸራና ዲስክ ከገጠምክ ወዲያው ወደ እንጦጦ አትሩጥ። መኪና የማይበዛበት ሜዳ መንገድ ምረጥ። በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድክ ወደ እግረኛ ፍጥነት እስክትወርድ ያዝ፤ ሳትቆም ልቀቅ። ይህን ለእያንዳንዱ ፍሬን 20 ጊዜ ያህል ድገም። የሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል ይለጠፋል። ይህን ያላደረገ ሰው “አዲሱ ፍሬን አይዝም” እያለ ይመጣል። ሸራው ሲያልቅም በካሊፐሩ ማስተካከያ አስጠጋው። ገመዱን እየወጠርክ አታካክስ፤ ክንዱ ጉልበት የሚያገኝበትን ቦታ አልፎ ይሄዳል።

ፎርኩንም አትርሳ። ስትቆም አብዛኛው ሸክም የሚያርፈው ከፊት፣ በግራው የፎርክ እግር ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች በኋላ የፊቱንም የኋላውንም ማረፊያ አጽድተህ በእጅ ባትሪ እይ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ፣ በጥፍርህ ስትነካውም ከተሰማህ፣ ሳይክሉን አቁምና ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ስም የሌለው ፍሬም ሁሉ መጥፎ ነው አልልህም፤ ለዓመታት ሰዎችን ያገለገሉ አይቻለሁ። ግን ፋብሪካው ያላየልህን አንተ ማየት አለብህ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። የታችኛውን ዘንግ ውፍረት ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ለካ፣ ሁለቱንም ቀዳዳ። ማረፊያውንም ከጎን በኩል ከቅርብ ፎቶ አንሳው። ገመዱ በየት እንደሚገባ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ጨምርበት። እነዚህን ሦስቱን ላክልኝና የብሎኑን ርዝመት እነግርሃለሁ። እስከዚያ ምንም አትዘዝ።